በጨለማው መንገድ የያዝኳት እጅ

ነገሩ ከሆነ አራት ዓመት አለፈው። የሆነው በጾመ ነቢያት፣ በብርሃን እሑድ፣ ፀሐይ ፍንትው ባለችበት ረፋድ ላይ ነው። ለሰው ሳወራው ብዙዎች “ተአምር ነው” ይሉኛል። ተአምር ቢሆን ኖሮማ እንቅልፌን አላጣም ነበር።

የምኖረው ላሊበላ ነው፤ ሥራዬም ማስጎብኘት። ከአብያተ ክርስቲያናቱ አንዱን ከሌላው የሚያገናኝ፣ ዓለት ተፈልፍሎ የተሠራ የጨለማ መንገድ አለ። “ሲኦል” ይሉታል። የሚታለፈው መብራት ሳይበራ፣ ቀኝ እጅን ከግድግዳው ሳይነቅሉ ነው። ርዝመቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ጨለማው ግን ዐይን ቢከፍቱ ቢጨፍኑ ለውጥ የለውም። በዚያ መንገድ ስንቱን እንግዳ መርቼ እንዳሳለፍኩ ቁጥሩን አላውቀውም። አንድም ሰው ጠፍቶብኝ አያውቅም ነበር። በዚህ እመካ እንደነበር አልደብቅም። ባልደረቦቼም “ድመቱ” እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ከገና በፊት ያሉትን ሦስት እሑዶች፣ ስብከትን፣ ብርሃንን እና ኖላዊን፣ ለእኛ ለልጆቻቸው በየመልካቸው ያከብሩልን ነበር። እኔም ወግ ደርሶኝ ልጆች ስወልድ ያንኑ ቀጠልኩ። በስብከት እሑድ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ነቢይ ይመርጣል፤ እስከ ገና ድረስም ቤት ውስጥ የሚጠራው በዚያ ነቢይ ስም ነው። ያን ዓመት የዘጠኝ ዓመቱ ያሬድ ዳንኤልን መረጠ፤ አንበሳ ስላለበት ነው። የአምስት ዓመቷ ሐና “እኔም አንበሳ ያለበት ነው የምፈልገው” ብላ አለቀሰችና ሁለት ዳንኤል ይዘን ጾምን። ያሬድ እስከ ምሳ ሰዓት ይጾማል። ሐና እስከ ረፋድ ነው፤ ከእንቅልፏ ከተነሣችበት ደቂቃ ጀምሮ ግን “ረፋድ አልደረሰም?” እያለች ታደርቀናለች።

በኖላዊ፣ ማለትም በእረኛው እሑድ፣ አያታቸው ቤት ሄደው በጎቹን ከእጃቸው ያበላሉ። መሃል ላይ ያለው ብርሃን ደግሞ የጨለማው መንገድ ቀን ነው። ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹን ይዤ እገባለሁ። እየሄድን ነቢያቱ የጌታን መወለድ በጨለማ ሆነው እንዴት እንደጠበቁ አወራላቸዋለሁ። እናታቸው ትርንጎ በመውጫው በኩል ጧፍ አብርታ ትጠብቀናለች፤ ስንወጣ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ጧፍ ከእሷ ያቀጣጥላል። ይህን ቤተ ክርስቲያን አላዘዘችም፤ የእኛ ቤት ልማድ ነው።

ያን ዓመት በጸጥታው ምክንያት ተዘግቶ የከረመው ወደ ከተማው የሚያስገባው መንገድ ገና መከፈቱ ነበር። ቱሪስት የሚባል ነገር የለም። በእግሩ የሚመጣው ምእመን ግን ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት እየቀረው ከተማውን መሙላት ጀምሯል። ከቅዳሴ እንደወጣን ትርንጎ “ሰው በዝቷል፤ ዘንድሮስ ይቅርባቸው” አለችኝ።

“እኔ ነኝ እንዴ ሰው የሚጠፋብኝ?” አልኳት። ያቺን ቃል ብውጣት ይሻለኝ ነበር።

ገባን። ቀኝ እጄ ግድግዳው ላይ ነው፤ በግራ እጄ ሐናን ይዣለሁ። ሐና በሌላው እጇ ያሬድን ይዛለች። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ከፊት ለፊታችን “እግዚኦ፣ እግዚኦ” የሚል የብዙ ሰው ድምፅ መጣ። በወዲያኛው በኩል የገቡ ምእመናን ናቸው። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ልጆቹን ከግድግዳው አስጠጋሁ። ሰዎቹ በትከሻቸው እየገፉን፣ ዱላቸው እየነካካን ማለፍ ጀመሩ። በዚያ ግፊያ መሃል የሐና እጅ ከእጄ ሾልኮ ወጣ።

ደቂቃ አልፈጀብኝም። እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ዳበስኩ፤ ትንሽ እጅ አገኘሁ፤ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። ልቤ ተመለሰ። ሰዎቹ እግዚኦታቸውን እንደቀጠሉ አለፉ፤ እኔም ወሬዬን ቀጥዬ ወደ ፊት ሄድኩ።

አሁን ሳስበው ማወቅ ነበረብኝ። እጇ ቀዝቃዛና ሻካራ ነበር። ሐና ቀሚስ ብቻ ነው የለበሰችው፤ እኔ ግን አንጓዋ ላይ ወፍራም የሹራብ እጅጌ እየነካኝ ነበር። ደግሞም አያያዟ። ሐና የሚይዛት ሰው እንዳለ የምታውቅ ልጅ ስለሆነች እጇን ለቀቅ አድርጋ ነው የምትሰጠኝ። ይህቺ ግን ሁለት ጣቶቼን ጨምድዳ ይዛለች። “ፈርታ ነው” ብዬ አለፍኩት።

ወደ መውጫው ተቃርበን ሳለ ከኋላዬ፣ ከሩቅ፣ “አባዬ!” የሚል ድምፅ ሰማሁ። የሐና ድምፅ ነው። ቀጥሎም ያሬድ “አባዬ የት ነህ? እኛ እዚህ ነን!” እያለ ተጣራ።

ልጄ ከኋላ እየጠራችኝ ነው፤ በእጄ ደግሞ የልጅ እጅ አለ። “ማነሽ አንቺ?” አልኩ። ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል።

እጄን መነጨቅኩ፤ አልለቀቀችኝም። እንደገና ስስብ ጭራሽ በሁለት እጇ ያዘችኝ። ያን ጊዜ ቀኝ እጄን ከግድግዳው አንሥቼ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቅኋቸው። ማልቀስ ጀመረች። ጮክ ብላ አይደለም። ሰው እንዳይሰማት ማልቀስ የለመደች ልጅ ለቅሶ ነው። እዚያው ትቻት ወደ ልጆቼ ሮጥኩ።

ያሬድ እህቱን ከግድግዳው አጣብቆ፣ በሰውነቱ ከልሏት ቆሞ አገኘሁት። ካሉበት ቦታ መግቢያው ይቀርብ ስለነበር ሁለቱንም አቅፌ በገባንበት ወጣሁ። ፀሐይ ላይ አስቀምጬ ፊታቸውን፣ እጃቸውን ደባበስኩ። ምንም አልሆኑም። ሐና ግን ተቆጥታለች።

“እኔን ትተህ ለማን ነበር የምታወራው?” አለችኝ።

ያቺ ልጅ ትዝ ያለችኝ ያኔ ነው።

ትርንጎ በላይ በኩል ዞራ እየሮጠች መጣች። ጧፉ እጇ ላይ ጠፍቷል። “ልጅ ስትወጣ አይተሻል?” አልኳት።

“የማንን ልጅ?”

“እንጃ። ልጅ ናት።”

“ኧረ ጩኸታችሁን ስሰማ ቦታውን ትቼ ሮጥኩ እንጂ ማንን አያለሁ! ምን ሆነሃል አንተ ሰው?”

የስልኬን መብራት አብርቼ ተመልሼ ገባሁ። እዚያ መንገድ ውስጥ መብራት ሳበራ የመጀመሪያዬ ነው። ልጠራት ፈለግሁ፤ ግን ማን ብዬ? “ልጄ! ልጄ!” እያልኩ ጮህኩ። ሐና ከውጭ “አቤት አባዬ!” አለች። እስከ መውጫው ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ማንም የለም።

እዚያው አጠገብ ለነበሩ አንድ አረጋዊ ቄስ ነገርኳቸው። ረጋ ብለው ሰሙኝና “ልጅ ጠፋብኝ ብሎ የመጣ ሰው አለ?” አሉኝ።

“የለም አባ።”

“እንግዲያማ ከሰዎቿ ተቀላቅላለች። ልጅ የጠፋባት እናት ዝም ብላ ትቀመጣለች እንዴ? አገሩን በጩኸት ነበር የምታነሣው። ሂድ፣ ይልቅ የራስህን ልጆች አብላ።”

አነጋገራቸው እውነት መሰለኝ። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ማታ ራት ላይ የትርንጎ እናት ታሪኩን ሰምተው አማተቡ። “መልአክ ነው እጅህን ይዞ የመራህ። ዕድለኛ ነህ” አሉኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ “እማማ፣ የመልአክ እጅ አይሻክርም፤ ጣቱን ሲያላቅቁትም አያለቅስም!” ብዬ ጮህኩባቸው። ከዚያ በፊት ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው አላውቅም። ልጆቹ መብላት አቆሙ። ይቅርታ ጠይቄ ተነሣሁ።

በሦስተኛው ቀን አላስቀምጥ ሲለኝ ምእመናኑ ወዳረፉበት ሜዳ ሄድኩ። ከድንኳን ድንኳን እየዞርኩ ስጠይቅ ከኮን በኩል በእግራቸው የመጡ ሴቶች ተሰብስበው በሶ ሲበሉ አገኘሁ። አንዲት ጠና ያሉ ሴት “ቁጭ በል አያ፣ ቅመስ” አሉኝ። መቅመሱን ትቼ እሑድ ረፋድ በጨለማው መንገድ አልፈው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

“አልፈናል፤ እግዚኦ እያልን።”

“ልጅ ነበረች አብራችሁ? ሹራብ የለበሰች?”

ሴቶቹ ተያዩ። ሴትየዋ የያዙትን በሶ አስቀመጡ። “ጋሸና ላይ ነው የተቀላቀለችን። ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የትልቅ ሰው ሹራብ አጥልቃ ከኋላ ከኋላችን ትከተለናለች። እኛ የወንዶቹ መስላን…”

“ኧረ እኛ የእናንተ ናት ብለን ነው!” አለ አጠገባቸው የተጋደመ ሰው ቀና ብሎ። “ከእናንተ ጋር አይደል እንዴ ስትተኛ የነበረው?”

“ስሟ ማነው?” አልኳቸው።

ሴትየዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። “እንጃ አያ። ማን ጠየቃት? ‘አንቺ ልጅ፣ ነይ፣ ብዪ’ እያልን ነው የመጣነው። እሑድ ስንገባ ከኋላችን ነበረች፤ ስንወጣ የለችም። ‘ከሰዎቿ ተገናኝታ ነው’ ብለን…” አልጨረሱትም፤ ማልቀስ ጀመሩ። እኔም እዚያው ሜዳ ላይ ተቀመጥኩ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ልጅቷ ስትሄድ የነበረው ወደዚያኛው በኩል ነው፤ እጇን ይዤ ወደ ኋላ የመለስኳት እኔ ነኝ። እነዚያን ሰዎች ያሳጣኋት እኔ ነኝ። ቄሱም እኔም ተሳስተናል። ፈላጊ ያልመጣው ልጅቷ ስላልጠፋች ሳይሆን የሚፈልጋት ሰው ስለሌላት ነው።

እስከ ገና ድረስ ፈለግኋት። ለሚመለከተው ሁሉ አመለከትኩ። በድምፅ ማጉያ እንዲነገርልኝ ስጠይቅ ጽፈህ አምጣ አሉኝ፤ ወረቀቱን ይዤ ምን ብዬ ልጻፍ? “ዕድሜዋ ስድስት ዓመት የሚሆን፣ ስሟ የማይታወቅ፣ ሹራብ የለበሰች ልጅ።” ሲነበብ ከአጠገቤ የነበረ ወጣት “ይሄ ማስታወቂያ ነው?” ብሎ ሳቀ። አልተቀየምኩትም። በበዓሉ ዕለት ሰው ሁሉ ዐይኑን ወደሚያሸበሽቡት ካህናት ሲያነሣ እኔ በእግሮች መካከል የልጆችን ሹራብ ስመለከት ዋልኩ።

አላገኘኋትም። ሞታ ይሆናል ብዬ አስቤ አውቃለሁ፤ ግን በዚያ ሰሞን የሞተ ልጅ ተገኘ ሲባል አልሰማሁም። በሕይወት ያለች ይመስለኛል። በበዓል ከሰው ጋር ወጥታ ከሌላ ሰው ጋር የምትገባ ልጅ ብርቅ አይደለችም።

በዓመቱ ብርሃን እሑድ ሲደርስ ልጆቹ “እንሂድ” አሉ። መግቢያው ላይ ስደርስ እግሬ አልራመድ አለ። ትርንጎ “አብሽር፣ እኔ ይዣቸው እገባለሁ” አለችና እኔ ጧፉን ይዤ መውጫው ላይ ቆምኩ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያው ሆኖ ቀረ። እንግዳ ሲመጣም ያንን መንገድ ባልደረቦቼ ያሳልፉልኛል። አንዳንዴ ገበያ መሃል ግራ እጄን ሁለት ጣቶቼ ላይ ጭምድድ የሚያደርገኝ ነገር ይሰማኛል። ዞሬ አያለሁ። ማንም የለም።

ለትርንጎ እንኳ ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ፤ እዚህ ልናገረው። በዚያ ጨለማ ሳወራ የነበረው ስለ ነቢያት ብቻ አይደለም። እጇን እንዳገኘሁ፣ ሐና መስላኝ፣ “አይዞሽ ልጄ፤ አባትሽ ይዞሻል። እስክንወጣ ድረስ አልለቅሽም” ብያታለሁ። ሐና ይህን አልሰማችም። የሰማችው ያቺ ልጅ ናት። ድምፅ ያላሰማችኝም ስሕተቴን እንዳላውቅባት ብላ ይሆናል። ይህን ሳስብ በራሴ አፍራለሁ፤ ልጄን ለማዳን ነው ብልም ኅፍረቱ አይለቀኝም።

የጻፍኩት እንዲታዘንልኝ ብዬ አይደለም። ያን ዓመት ከላሊበላ አንዲት ሹራብ የለበሰች ልጅ ይዞ የሄደና ያሳደገ ሰው ካለ እንዲያነብልኝ ነው። ዛሬ ዐሥር ዓመት ግድም ይሆናታል። እንዲሁ ተነሥታችሁ አትጠይቋት፤ ረስታው ከሆነ እሰየው ነው። ራሷ ካነሣችው ግን አደራ ንገሩልኝ፤ ሰውየው ወዲያው መብራት ይዞ ተመልሶ ነበር፤ የሚጠራሽበት ስም አጥቶ ነው በሏት።