ቅጥያ የገባባት ቀሚስ

የወንድሜ ሚስት ከእኔ ቀጥሎ ባለው የስፌት መኪና የምትሠራ፣ አንድ ቃል ከበቃ ሁለት የማታወጣ ሴት ናት። እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም። ባረገዘች በአምስተኛ ወሯ ጡቶቿ ማበጥ ሲጀምሩ የቀሚሷን ጎን ፈትታ ስታሰፋ አይቼ፣ «ለአንድ ልጅ ነው ወይስ ለሰፈሩ?» አልኳት። ስፌት ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች።

በየሳምንቱ ትፈታለች፤ ጨርቁ ሲያልቅባት ከብጣሽ ቅጥያ አስገባች። እኔም በየሳምንቱ አዲስ ቀልድ አላጣም። ጋደም ስትል ትንፋሽ እያጠራት ወንበር ላይ እንደምታነጋ አልነገረችኝም። አንድ ቀን ልኳን ስወስድላት ሜትሩ ደም ነክቶት ወጣ። ከጡቷ ሥር ቆዳዋ ተሰንጥቆ ቆስሏል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና የቀለድኩትን መመለስ አልቻልኩም፤ ይዣት ሆስፒታል ሄድኩ።

ሐኪሟ በእርግዝና ጊዜ ከስንት አንዴ የሚመጣ ሕመም ነው አለችን። መድኃኒት ቢሞከርም አልሆነም፤ ቁስሉ መረቀዘ፣ ደሙም አልቆም አለ። ሁለቱም ጡቶቿ ካልተነሡ ለእሷም ለፅንሱም እንደሚያሰጋ ስንሰማ እናቴ ልጁ ምን ሊጠባ ነው ብላ አለቀሰች።

«እማማ፣ ብቻ ይወለድልኝ። በጡጦም ያድጋል» አለቻት የወንድሜ ሚስት። ያን ቀን እንደፈራሁት ፈርቼ አላውቅም።

ጡቶቿ ተነሡ፤ እናትም ልጅም ተረፉ። ልጅቷ በጡጦ አደገች። እናትየው ግን ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ፣ ልጇን ስታቅፍ እንኳ ሻርፗን ከደረቷ አላወረደችም። ከዚያ ያችው ሐኪም ከሆዷ ቆዳና ሥብ ወስዳ ጡቶቿን እንደገና ልትሠራላት ቀጠሮ ሰጠቻት። በቀጠሮው ዕለት ሐኪሟ አቁማ ጡቶቹ የሚሠሩበትን በብዕር ስታሰምርባት፣ የወንድሜ ሚስት መስታወቱን አይታ የግራው መስመር ወርዷል አለች። ሲለካ እውነትም በጣት ያህል ወርዷል፤ ተጠርጎ እንደገና ተሰመረ። የልብስ ሰፊ ዓይን መች ይስታል።

ድና ሥራ በተመለሰች ቀን ያችን ቀሚስ አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠች።

«እትዬ፣ አንቺ አጥብቢልኝ።»

ገለበጥኳት። የተፈታው ስፌት ሁሉ የመርፌ ቀዳዳውን ትቶ ሄዷል፤ ረድፍ በረድፍ፣ በሳቅኩባቸው ሳምንታት ቁጥር። ቅጥያውን አውጥቼ ቀሚሷን ሰፋኋት። አዲሱ ልኳ ከጥንቱ ትንሽ ስለሚሰፋ የመጀመሪያው የቀዳዳ ረድፍ ስፌቱ ውስጥ ሳይገባ በውጭ በኩል የሚታይ ሆነ። በጨርቅ ልሸፍነው ስል እጄን ያዘችኝ።

«ተዪው፤ ይታይ» አለች።

ለብሳት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ከጎኗ ስለምሰፋ፣ ቀኑን ሙሉ የሚታየኝ ያ የቀዳዳ ረድፍ ነው።