አውራ በጌ በቀዳዳ የተነበበ ዕለት

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፤ ልጆቼ ጽፈው በጣሉት ደብተር ጀርባ ላይ። ስለዚህ «አነብባለሁ» የሚል ሁሉ አያስደንቀኝም። ማሽንም ቢሆን።

የበግ ማኅበራችን አውራ ሊመርጥ ተሰበሰበ፤ ሰብሳቢያችን በጎቹን በሚያሰማራበት ጨፌ ላይ። የተመረጠው ለዘር ይቀራል፣ ያልተመረጠው ይኮላሻል። ጥቁሩ አውራዬም ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ነበር። ድሮ ሽማግሌ ላቱን ዳብሶ ይፈርድ ነበር። አሁን አንዲት ባለሙያ ከመሐል ሜዳ ከተማ መጥታ፣ ከጆሮው ደም ወስዳ፣ የእጅ ስልክ በምታህል ዕቃ ውስጥ ጨምራ ላፕቶፕ ላይ ሰካቻት።

«ዲኤንኤ የምንለው የበጉ ዘር በፊደል የተጻፈበት እንደ ክር ያለ ነገር ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። «ጨዋማ ውኃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይስበውና በዓይን በማይታይ ቀዳዳ ያልፋል። ሲያልፍ ቀዳዳውን ስለሚጋርደው ኤሌክትሪኩ ይቀንሳል። እያንዳንዱ ፊደል የሚጋርደው በራሱ ልክ ነው። በዚያ እናነበዋለን።»

«ታዲያ ይኼ ማንበብ ነው? እኔም ጎጆዬ ውስጥ ተቀምጬ በሩ ሲጨልም ጥጃ ይሁን ቄስ አውቃለሁ። ቄሱ ምን ሊል እንደመጣ ግን አላውቅም።»

«በትክክል ገባዎት!» ብላ ሳቀች። ስድብ መሆኑ ለእሷ አልገባትም።

ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ዘለል ዘለል አለ። ሰብሳቢው፣ ጽሕፈት ባየ ቁጥር ኮፍያውን የሚያወልቀው፣ የበጌን ገመድ ይዞልኝ ቆሟል። መስመሩ ድንገት ተጋደመ።

«ቀዳዳው ተደፈነ» አለች። «ጆሮውን ምን ቀብተውት ነው?»

ቂቤ ነዋ! ሚስቴ ዓይን እንዳይበላው ብላ ጠዋት ከቀንዱ እስከ ጆሮው ለቅልቃው ነበር።

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ያልተነበበ በግ አይመረጥም። መመሪያ ነው። ይኮላሻል።»

«ማሽኑ ቂቤ በልቶ ቢታነቅ በጌ ምን አጠፋ?»

«ቆዩ፣ ቀዳዳውን ልጠበው» አለች ባለሙያዋ። ሁላችንም አንገታችንን አስግገን ከበብናት። ሰብሳቢውም ከሁሉ ቀድሞ ለማየት ገመዱን ለቆ መነጽሩን በሁለት እጁ ያስተካክላል።

ከኋላችን የበጎች ግርግር ሰማን። ዘወር ስንል አውራዬ የሰብሳቢው የራሱ ሴት በግ ላይ ወጥቶ አጥቅቷታል።

«ያዘው! ያዘው አንተ ሰውዬ! ገና አልተነበበም እኮ!» ብሎ ሰብሳቢው ጮኸብኝ።

«በጊቱ ማንበብ አትችልም» አልኩት። ገመዱን ለማንሳትም አልቸኮልኩም።