ሁለት መደብ

ዉድበሪ ከተማ ካለው ቤቴ ጓሮ ዝናብ የነካው አፈር ሲሸተኝ ሐሳቤ በስደት ወዳደግሁበት ሰፈር፣ ወደ ፍሮግታውን ይሄዳል።

በዘጠናዎቹ፣ ልጅ ሳለሁ፣ አባቴና ጎረቤታችን አባባ ይማም እዚያ ጎን ለጎን የአትክልት መደብ ነበራቸው። አባባ ይማም ወሎ ውስጥ ባለርስት፣ አያቴ ደግሞ የእሳቸው ጭሰኛ ነበሩ። አባቴ የእሳቸውን መደብ ቆፍሮ ሳይጨርስ የእኛን አይነካም ነበር። በማለዳው ጭጋግ ዶማው ሲነሣና ሲወርድ ሕልም ይመስለኝ ነበር።

ትምህርት ቤት ስለ ጥንት አውሮፓ መሳፍንትና ገባሮች የተማርን ሰሞን፣ አባቴ የአባባ ይማምን መደብ ሲቆፍር፣ "ዳዲ፣ አንተ የእሳቸው ጭሰኛ ነህ?" አልኩት።

አባባ ይማም በመደቡ ዳር ካለው ወንበራቸው ተነሡ።

"ልጄ፣ አያትሽ አርሰው አብልተውኛል። እኔ አፈር ነክቼ አላውቅም" አሉኝና ወደ አባቴ እጃቸውን ዘረጉ። "ዶማውን ስጠኝ፤ ዛሬ የእናንተን እኔ ልቆፍር።"

"ይቀመጡ፣ ጌታዬ" አለ አባቴ፤ መቆፈሩንም ቀጠለ።

ማክበሩ ይሁን የሚክሱበትን ዕድል መንፈጉ እስከ ዛሬ አልገባኝም። አባባ ይማም ግን አልተቀመጡም፤ እጃቸውን እንደ ዘረጉ ቆመው ያዩት ነበር።