የጭላት ድርሻ

ከሐረር የወጣሁ ጠዋት ወንድሜ ግርማ መኪናው አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ሻንጣዬ ተጭኗል። ሚስቱ ጸሐይ ደጃፉ ላይ። ጎረቤቴ ፋጡማ ከጊደር መጋላ ሥጋ ተራ ሥጋ ገዝታ ስትመለስ ልትሰናበተኝ ገብታ ግቢው መሐል፣ ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች። እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጫለሁ፤ አልሄድም ብዬ።

ልጄ ሰናይት ስቶክሆልም መንታ ወልዳ ብቻዋን ነበረች። ናፍቃኛለች፤ እንደምታስፈልጋትም አውቃለሁ። የከበደኝ ሌላ ነው። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ የሰው እጅ አይቼ አላውቅም፤ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠርቼ አሳደግኋት። በስተርጅና የልጅ እጅ ጠባቂ መሆን አስፈራኝ። ኤምባሲ ለቪዛ የጠየቀኝ ሰውም ይህንኑ ነካብኝ።

«እዚያ ማን ያስተዳድርዎታል?»

«ልጄ።»

«እስከ ዛሬስ እሷ ነበረች የምታስተዳድርዎ?»

«የለም፤ እኔ ነበርኩ የማስተዳድራት።»

«ለዚያ ማስረጃ አለዎት?»

«እሷ ራሷ።»

አልሳቀም። ቪዛው ግን መጣ።

በስደት የተወለዱ ልጆቻችን ላያውቁት ይችላሉ፤ በእኛ ከተማ ሥጋ ሳይሸፍኑ መንገድ አይወጣም። ከሥጋ ተራው በላይ ጭላቶች ይዞራሉ። ሰው ቁራጭ ወደ ላይ ሲያነሣላቸው ከጣቱ መሐል ወስደው ይሄዳሉ፤ ጣቱን አይነኩትም። እዚህ ስቶክሆልም ሥጋው በላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል፤ እኔ ግን እስካሁን ነጠላዬን ሳልጥልበት ከሱቅ አልወጣም። ሰናይት ታፍራለች።

ያን ጠዋት ፋጡማ እኔን ስትለምን ዘንቢሏን ሳትሸፍን መሬት አስቀመጠችው። አንዲት ጭላት ከጣራው ላይ ወረደች፤ ክንፏ የጸሐይን ሻሽ ነካው። አንድ ቁራጭ ይዛ ተነሣች፤ እዚያው አየር ላይ እግሯን ወደ አፏ እያመጣች መብላት ጀመረች።

«ስንት ጊዜ ሸፍኚ አልኩሽ?» አልኳት ፋጡማን።

«ይሁን እትዬ፣ ሪዝቋ ነው። አላህ የመደበላትን በእኔ እጅ ላከላት።» ዘንቢሏን አነሣች። «እሷ እኮ ፋጡማን አስቸገርኩ ብላ አልተሳቀቀችም። እርስዎ የገዛ ልጅዎ እጇን ስትዘረጋልዎ ይኮራሉ።»

«እኔን ከጭላት ጋር ልታወዳድሪኝ ነው?»

«ጭላትማ ቢሆኑ ይሄኔ ደርሰው ነበር።»

ግርማ ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን አዞረ።

ወፏን እያየሁ ቆየሁ። አልቸኮለችም፤ ወደ ኋላም አላየችም። ዕድሜዬን ሙሉ የምሰጠው ስላላሳጣኝ እግዚአብሔርን አመስግኜዋለሁ፤ መቀበልም ከእሱ እንደሆነ፣ እምቢ ስል የምመልሰው የእሱን እጅ እንደሆነ እስከዚያ ጠዋት አስቤ አላውቅም ነበር። ዛሬ ልጄ የምታቀርብልኝን እየበላሁ መንታዎቹን አቅፋለሁ፤ ተመስገን።

ያን ጠዋት ከበረንዳው ተነሣሁ። ፋጡማን ሳምኳት፣ ጸሐይን ሳምኳት፣ መኪናው ውስጥ ገባሁ።