የእናቴ ኪኒንና የቢቸናው ሹፌር

ይህ የሆነው አምና፣ መኸር በሚሰበሰብበት ሰሞን ነው። በደልን ቶሎ እረሳለሁ የሚል ሰው ሲገጥመኝ ወይ ይዋሻል ወይ በደል ደርሶበት አያውቅም እላለሁ። እኔ አልረሳሁም። ሳስታውሰው ደስ ስለሚለኝም እጽፈዋለሁ።

እናቴ ቢቸና ከእኔ ጋር ትኖራለች። ደም ግፊት አለባት፤ እግሯም ያብጣል። ሐኪም ካዘዘላት መድኃኒቶች አንዱ ሽንት የሚያበዛው ኪኒን ነው። የተጠራቀመባትን ውሃና ጨው እንዲያወጣላት ጠዋት ጠዋት ትውጠዋለች። ማታ የዋጠው ሰው ሌሊቱን ሲመላለስ ያድራል። ጠዋት የዋጠውም ቢሆን ለጥቂት ሰዓታት ከሽንት ቤት መራቅ የለበትም።

እህቴ ሞጣ ላይ ሴት ልጅ ወለደችና ልንጠይቃት ሚኒባስ ተሳፈርን። እናቴ ኪኒኗን ውጣ፣ ለአራሷ የሚሆን ቅቤ ይዛለች። ደብረ ወርቅን ጥቂት እንዳለፍን በክርኗ ነካ አደረገችኝ። ሹፌሩን እንዲያቆምልን ለመንኩት። አበረ ይባላል፤ አንገተ ወፍራም፣ ጨዋታ አውቃለሁ ባይ። አሁን ቆመን አልነበር ወይ አለኝ። መድኃኒት ወስዳ ነው ብዬ ደግሜ ለመንኩት። በመስታወቱ አየት አደረጋትና፣

«እማማ፣ እንዲህ ከሆነ ጀሪካን ይዘው አይሳፈሩም ነበር?» አለ።

ተሳፋሪው ሳቀ። አጠገቤ የነበረው ከረባት ያሰረ ሰውዬ ደግሞ ከሁሉም አብልጦ ሳቀ። አበረ ሳቁ ስለጣመው የቴፑን ድምፅ ከፍ አደረገው።

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ቻለች። ግንደወይን ሳንደርስ ግን አልቻለችም።

ሞጣ መናኸሪያ ስንወርድ፣ አበረ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ወንበሩ ሳይታጠብ የትም እንደማንሄድ ነገረን። አጠብኩት። ስለ ሰው ልጅ ክብር መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ ያነበብኩት ሰውዬ፣ ጎንበስ ብዬ የሚኒባስ ወንበር ስፈትግ በልቤ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኼን ሰው አገኘዋለሁ።

ቢቸና ከተመለስን በኋላ እናቴን ኪኒኑን ዋጥሽ ወይ ስላት ዋጥኩ ትለኛለች። አልዋጠችም ነበር። ብዙም ሳይቆይ እግሯ ሲጫኑት የሚሰረጉድ ሆነ። ፊቷ ተነፋ። ጋደም ስትል ትንፋሽ ስለሚያጥራት ትራስ ተደራርቦላት ተቀምጣ ማንቀላፋት ጀመረች። ሆስፒታል ወሰድናት። ከወሎ ተመድባ የመጣች ነርስ መድኃኒቷን በደንብ ትወስድ እንደሆነ ስትጠይቃት እናቴ የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታች። ኪኒኖቹ እዚያ ነበሩ።

«ሰው ፊት ከምዋረድ ባብጥ ይሻለኛል» አለች።

ነርሷ አልተቆጣቻትም። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ውሃውን ሳንባ ድረስ እንደሚያመጣው፣ መንገድ ሲኖር ቀድሞ አማክሮ የመዋጫ ሰዓቱን ማሸጋሸግ እንደሚቻል፣ መዝለል ግን እንደማይቻል ነገረቻት። ኪኒኑ የሚያዞር ስለሆነ ከተቀመጡበት ቀስ ብሎ መነሣት፣ ከደም ምርመራ ቀጠሮ አለመቅረት፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ ከመጣ ቶሎ መጠየቅ፤ የቁርጥማት ማስታገሻም እንዲሁ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ አለመዋጥ፣ አንዳንዱ ውሃውን መልሶ ይይዛልና። እናቴ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ሰማች። እኔ የሰማሁት መንገድ የምትለዋን ቃል ብቻ ነው።

እናቴ ዳነች። የልጅቷ ክርስትና ግን ደረሰ። ለሴት ልጅ ሰማንያ ቀን ነውና እናቴ ቀኑን ስትቆጥር ከርማለች፤ ሲደርስ ግን ወይ አልሄድም፣ ከሄድኩም ኪኒን አልነካም አለች። ነርሷ ሞጣ ስትደርሺ ዋጪው ብላ ፈቅዳላት ነበር። እኔ ግን የእናቴን ሰዓት የሚቀይር አበረ ማነው አልኩ። ሰዓቱን እሱ ይቀይር።

በሰው በኩል የአበረን ሚኒባስ ኮንትራት ያዝኩ። አንድ ውል አስገባሁ፤ እናቶች ቁም ባሉበት ይቆማል። እሺ አለ። ከዚያ መኪናውን በእናቴ ጓደኞች ሞላሁት። የደም ግፊት ቀጠሮ ላይ ወረፋ ሲጠብቁ የተዋወቁ ናቸው፤ ሁሉም ያንኑ ኪኒን ይውጣሉ። ወንድሞቻቸው ሞጣ የሚነግዱት እማማ ዘሀራም አሉበት። መኪናው ስለሚቆም እንደ ወትሮው እንዲውጡ ነገርኳቸው።

ጠዋት እናቴ ደጃፍ ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ይኼ ያ ሰውዬ አይደለም?»

«እሱ ነው። ዛሬ ግን መኪናው የኛ ነው።»

ከዚያ ኪኒኗን አውጥታ፣ እዚያው በመኪናው በር ላይ፣ በውሃ ዋጠችና ገባች።

ብዙ አልሄድንም፣ እማማ ዘሀራ «እስቲ ልጄ፣ እዚች ባሕር ዛፍ ጋ» አሉ። ቆመ። እትዬ ጥሩነሽን በዚያው ውረጂ ሲሏት «የኔ ገና ነው፤ ሲመጣ እነግራችኋለሁ» አለች። መኪናው ማርሽ ሳይቀይር መጣባት። እንደገና ቆምን። ከዚያ ሌላዋ። እናቴ በር በሩ ላይ ሆና እንደ ነርሷ ታዛለች፤ ቀስ ብላችሁ ተነሡ፣ ያዞራል፣ ተያያዙ። ከተጎዳች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም። እኔ የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ የአበረን ማጅራት እያየሁ እያንዳንዷን ማቆሚያ አጣጣምኩ።

ደብረ ወርቅን ስናልፍ አበረ አልቻለም።

«ጋሼ፣ እነዚህ እናቶች ዛሬ ምን ነካቸው?»

«ኪኒን ነው።»

«ታዲያ ለመንገድ ቀን ቢተዉትስ?»

«አንዷ ትታው ነበር» አልኩት። «መኪናህ ውስጥ ጀሪካን ይዘው አይሳፈሩም ወይ የተባለችው። ትንፋሽ አጥሯት ተቀምጣ ስታድር ከረመች። ከበሩ አጠገብ ናት፣ እያት።»

በመስታወቱ አያት። ጆሮው ቀላ። ያን ቀን ተሳፋሪው ቸኩሎ ነበር ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው። ቴፑን ዘጋ። ከዚያ በኋላ ገና ሳይጠሩት ፍጥነቱን እየቀነሰ «እዚህ ይሻላል፣ እናቶቼ?» ይል ጀመር። እነሱም በወረዱ ቁጥር መረቁት። እድሜ ይስጥህ፣ ልጅህ ይባረክ። ይኼ በእቅዴ ውስጥ አልነበረም፤ ምርቃቱ በጣም አናደደኝ።

ክርስትናው ላይ ግን መፍትሔው መጣልኝ። ሰው ተሰብስቦ ሲበላ ብድግ ብዬ አበረን አመሰገንኩት። ለታመመ የሚያዝን፣ ለአዛውንት የሚያቆም፣ እንዲህ ያለ ሹፌር በዚህ መንገድ አልታየም አልኩ። ስልኩን ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ሰጠሁ። ቢቸና ተመልሼም በቀጠሮ ቀን ወረፋ ለሚጠብቁት ሁሉ አዳረስኩ።

አሁን በቢቸናና በሞጣ መካከል ኪኒን የሚውጥ አዛውንት ሁሉ የሚሳፈረው በአበረ መኪና ነው። እምቢ እንዳይል በደግነት ስሙ ወጥቷል። በቀደም መንገድ ላይ አገኘኝና «ጋሼ፣ ስልኬን ያልሰጠኸው ሰው አለ?» አለኝ። ገና ሮብ ገበያ ይቀራል አልኩት።

እናቴ ዛሬ ኪኒኗን በሰዓቷ ትውጣለች፣ የልጅ ልጇንም ስትፈልግ ሄዳ ታያለች። ከአበረ ጋር ሰላምታቸው የዘመድ ነው። ታርቃችኋል ወይ ትለኛለች። አልታረቅንም። ያን ወንበር ያጠብኩበት እጅ አሁንም ከእኔ ጋር ነው። ለመንገድ ግን ሌላ ሹፌር አልጠራም።