ከቁፋሮው ቦታ በቀጥታ

ነቀምቴ ውስጥ የውሃ ጉዳይ በሚከታተል መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ሆኜ ስቀጠር ሥራዬ ማስታወቂያ ጽፎ ማኅተም ማስመታትና በር ላይ መለጠፍ ነበር። አስቸኳይ ነገር ሲመጣ መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅለን ሰፈር ለሰፈር እንዞራለን። ሰዉ ይስማን አይስማን፣ ምን ይበል ምን አይበል የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም።

ባለፈው ዓመት ባኬ ጃማ በሚባለው ሰፈር በኩል ውሃ ድንገት ጠፋ። ቧንቧ መፈንዳቱ ታውቋል፤ የት እንደሆነ ግን አልተገኘም። ቴክኒሻኖቹ መንገድ ዳር ሲቆፍሩ ስልኬን ይዤ ሄድኩና ኃላፊያችንን፣ "ጋሼ፣ ከዚሁ በፌስቡክ ቀጥታ ልግባ?" አልኳቸው።

"መግለጫ ሳይጻፍ? ሰዉ ቢሳደብስ?"

"ከተሳደበ እየሰማን ነው ማለት ነው።"

ፊታቸውን ወደ ጉድጓዱ መለሱ። አለመከልከላቸውን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥዬ በአማርኛ የሆነውን ተናገርኩ። አስተያየቱ ይጎርፍ ጀመር፤ አብዛኛው ቁጣ ነው። በመሃል አንዲት ሴት፣ "እኛ በር ላይ ከአስፋልቱ ሥር ውሃ ይንፎለፎላል፤ ኑና እዩ" ብላ ጻፈች። ጮክ ብዬ አነበብኩት። አንዱ ቴክኒሻን ከጉድጓዱ ቀና ብሎ፣ "የት ሰፈር እንደሆነ ጠይቂያት" አለኝ። ጠየቅኳት፤ ወዲያው መለሰች።

ስርጭቱን ሳላቋርጥ በባጃጅ ከነፍን። ሴትየዋ ስልኳን እንደያዘች በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችን። "አካም ጅርቱ" ብዬ ሰላም ስላት አንዴ ስልኩን አንዴ እኔን አየችና ሳቀች።

"አሁን እኮ እዚህ ውስጥ ነበርሽ" አለችኝ።

ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። የፈነዳው ቧንቧ እዚያው ነበር።

አንድ ተመልካች ውሃው መቼ እንደሚመጣ ሲጠይቅ ኃላፊያችን ስልኩን ተቀበሉኝ። "ወንድሜ፣ ቁርጡን ሰዓት አላውቅም። ሥራው ሳያልቅ ግን ከዚህ አንሄድም" አሉ። ስንት መግለጫ ስጽፍላቸው "አላውቅም" የሚል ቃል አንድም ቀን አስገብቼ አላውቅም።

አመሻሽ ላይ ውሃው መጣ። ባልዲ ሲሞላ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች፣ "ገለቶማ" የሚሉ ምስጋናዎች ተከታትለው ገቡ። እያንዳንዱን ከፍቼ አየሁ።

በማግስቱ ኃላፊያችን ቢሮዬ መጥተው ወንበር ሳቡ።

"ዛሬስ ስንት ሰዓት ነው ቀጥታ የምንገባው?"

"ጋሼ፣ ዛሬ እኮ የተበላሸ ነገር የለም።"

"ታዲያ ይህንኑ አንነግራቸውም?" አሉና ኮሌታቸውን አስተካከሉ።