ኡስታዝ በአውራ ጣታቸው የሚያነቡት ሳንቲም

ሳንቲም ሰብሳቢዎችን አልወድም። ራሴም አንዱ ስለሆንኩ ይህን የማለት መብት ያለኝ ይመስለኛል። በየአገሩ ተበትነው በቴሌግራም የሚገናኙትን ለዓመታት ተከታትያቸዋለሁ። የሮማና የግሪክ ሳንቲሞቻቸውን በጓንት ይይዛሉ፣ በፕላስቲክ ያሽጋሉ፣ ፎቶ አንስተው ይለጥፋሉ፣ ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉባቸዋል። በዓሣ ሻጭ፣ በወታደርና በቀራጭ እጅ ሲንከባለል የኖረ ነገር የዕድሜ ልክ እስራት የሚፈረድበት እነሱ ዘንድ ሲደርስ ነው። ሙዚየሞችም ያው ናቸው፤ ልዩነታቸው መግቢያ ማስከፈላቸው ነው።

የእኔዎቹ አሥራ አራት ናቸው። መተማ ዮሐንስ፣ ከጉምሩኩ በታች ባለችው ክፍሌ፣ በሃላዋ ቆርቆሮ ውስጥ ይኖራሉ። የዚህ አገር ሰሊጥ ድንበሩን ተሻግሮ ይሄዳል፣ ሃላዋ ሆኖ ይመለሳል፤ ከዚህ ሁሉ ንግድ ለእኔ የደረሰኝ ቆርቆሮው ነው። ሳንቲሞቹ ከማዶ የመጡ ናቸው። አንዳንዱን ሾፌሮች ከብሎን ጋር ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት መጡ፤ አንዳንዱን ነጋዴዎች ለሻይ ማወራረጃ ያህል ሰጡኝ። አንደኛው ሐሰተኛ መሆኑን አውቃለሁ። ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው።

ሥራዬ ለጭነት መኪናዎች የጉምሩክ ወረቀት መሙላት ነው፤ ማለትም መጠበቅ። ፊርማ እጠብቃለሁ፣ ማኅተም እጠብቃለሁ፣ መብራት እጠብቃለሁ። ይህ ሥራ ብዙ መጽሐፍ አስነብቦኛል፤ የጠቀመኝ ነገር ግን ትዝ አይለኝም። ከቢሮዬ ፊት ለፊት ራኩባ የምንለው የሣር ዳስ አለ። ሙቀቱ ሰውን ከቤት ሲያስወጣ ሁላችንም እዚያ ነን። ቆርቆሮውን ይዤ የምወጣውም ያኔ ነው።

አንድ ሕግ አውጥቼ ነበር። የጠየቀኝ ሁሉ አንድ ሳንቲም መርጦ ለሦስት ቀን ቤቱ መውሰድ ይችላል። ሳንቲም የተሠራው ለእጅ ነው፣ ለዓይን አይደለም እያልኩ ለዓመታት ሰብኬያለሁ። ሻይ የምታፈላው ሴትዮ ጉጉት ያለበትን የግሪክ ሳንቲም ወስዳ በማግስቱ ጠዋት መለሰችው።

«ምነው?» አልኳት።

«ጉጉት ያለበት ቤት አይታደርም» አለች። «አንተን ስለለመደህ ይሆናል።»

አንድ የባጃጅ ሾፌር ደግሞ የሮማውን ንጉሥ ፊት አገላብጦ አይቶ፣ «ይሄ ሰውዬ ጉምሩክ ይሠራ ነበር፤ አፍንጫው ያስታውቃል» አለኝ። በቴሌግራም ካሉት ሊቃውንት ሁሉ ለእውነት የቀረበ አስተያየት ከዚህ ሰው ነው የሰማሁት።

ከተዋሱኝ ሰዎች መካከል አንድም ሰው ሳንቲም አላስቀረብኝም። በዚህ እኮራ ነበር። ኩራቴን ይዤ እዚያው ብቀር ጥሩ ነበር።

በየሐሙሱ ሱዳን ካለችው ገላባት ድልድዩን ተሻግረው የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ በሁለቱም በኩል ሰው ሁሉ ኡስታዝ ይላቸዋል። አማርኛን በዓረብኛ እያዋዙ ይናገራሉ። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፣ ከዚያ ያለፈ አያዩም። እሳቸውም ሰብሳቢ ናቸው፣ ያላቸው ግን አንድ ሳንቲም ብቻ ነው። በዚህ እቀልድባቸው ነበር።

«አንተ አሥራ አራት አሉህ» ይሉኛል። «የትኛውን ታውቀዋለህ?»

ሳንቲማቸው በሮማውያን ዘመን ግብፅ ውስጥ የተመታ ነው። በአንድ በኩል የሮማ ንጉሥ፣ በሌላው ንስር፣ ዙሪያውን የግሪክ ፊደል። ብር ቅልቅል ነበር፤ ዘመን ግን እንደ ቆላ ሰው አጥቁሮታል። አያታቸው ሱዳን ውስጥ ሸንዲ አጠገብ እርሻቸውን ሲቆፍሩ ያገኙት ነው። ጠርዙ ላይ፣ ከንጉሡ ማጅራት በስተኋላ፣ አይጥ የነከሰው የሚመስል ሽርፋት አለው። አንድ የጥንት ነጋዴ ውስጡ ብር መሆኑን ሊያረጋግጥ የቆረጠው ይሆናል። ኡስታዝ ንባባቸውን የሚጀምሩት ከዚያ ነው። አውራ ጣታቸው ሽርፋቱን ያገኛል፣ ወደ ማጅራቱ ያልፋል፣ የአክሊሉን ቋጠሮ ይነካል፣ በጆሮው ዞሮ አፍንጫው ላይ ይቆማል። «አሰላሙ ዓለይኩም» ይሉታል ንጉሡን፤ ከዚያ ሻያቸውን ይጠጣሉ።

ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሲነሳ ድልድዩ ወደ እኛ በሚመጣ ሰው ተሞላ። ኡስታዝ ወደዚያ ሊሄዱ ተነሱ። ልጃቸው መሀል ሱዳን አግብታ ትኖር ነበር፤ ባሏ ሞቶ ብቻዋን ቀርታለች፣ ላምጣት አሉ። ዓይነ ስውር ሽማግሌ ጦርነት ውስጥ ገብቶ ሰው ሊያወጣ። እንዳይሄዱ ብዙ ተናገርኩ። በደንብ ተከራክሬ ረታኋቸው፤ እሳቸው ግን ሄዱ።

ከመሄዳቸው በፊት ሳንቲሙን በመሀረባቸው እንደተቋጠረ መዳፌ ላይ አስቀመጡ።

«መንገድ ላይ ኪስ ይፈትሻሉ» አሉ። «አማና ነው። እናንተ አደራ የምትሉት።»

ሌላ አልጨመሩም። አታውሰው አላሉኝም። ይህን ነጥብ በኋላ ላይ ለራሴ ጠበቃ ሆኜ ስቆም ደጋግሜ አንስቼዋለሁ። ዳኛውም እኔው ስለነበርኩ ችሎቱ ብዙ ተቀጠረ።

ከራኩባው ማዶ የትራክተር ጋራዥ ያለው መካኒክ ጎረቤቴ ነው። የወሎ ሰው ነው፤ እዚህ የኖረው ዘመን ንግግሩን አልነካውም። በዚያ ክረምት አባቱ ሊታከሙ ከወሎ መጥተው እሱ ቤት ተኝተው ነበር። አንድ ቀን ቅባት የነካውን እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«አባቴ በልጅነታቸው ሲያርሱ ንስር ያለበት ሳንቲም አግኝተው ነበር አሉ። ለአንጥረኛ ሰጥተውት ቀለበት ሆነ። ዛሬ ድረስ ይቆጫቸዋል፤ አንተ ዘንድ ንስር አለ ወይ?»

ንስር የነበረው በኡስታዝ ሳንቲም ላይ ብቻ ነው። አደራ ነው ማለት ነበረብኝ፤ ሦስት ቃል አይሞላም። ነገር ግን የዕድሜዬን ግማሽ ‹ሳንቲም ለእጅ ነው› ስል የኖርኩ ሰው፣ አልጋ ላይ ያሉ ሽማግሌ ንስር ልያዝ ሲሉ መሳቢያ ልቆልፍ ነው? በገዛ ስብከቴ ተያዝኩ። አውጥቼ ሰጠሁት።

በሦስተኛው ቀን መለሰው። በታጠበ ነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከላዩ እፍኝ ቴምር አድርጎ። የሰው ዕቃ ቆሽሾ አይመለስም፣ ባዶውንም አይመለስም። እናቱ ያስተማረችውን ነው ያደረገው፤ የእኔም እናት ያንኑ ነበር ያስተማረችኝ። ጨርቁን ስፈታው ሳንቲሙ ፀሐይ እንዳረፈበት የመኪና መስተዋት አብረቀረቀ።

«በሎሚና በአመድ አሸነው» አለ። «አልለቅ ሲል ትንሽ የሽቦ ብሩሽ አስነካሁት። አባቴ ንስሩን እያዩ ሲስቁ ዋሉ። ምን ያህል ዓመት ሳይታጠብ የቆየ ነው እንዴ?»

አውራ ጣቴን በጠርዙ ላይ አዞርኩት። ለስላሳ ነው።

«እዚህ ጋ ሽርፋት ነበረው» አልኩ።

«አዎ፣ እጅ ይቆርጣል ብዬ ሞረድኩት።»

ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር የጥሩ ሠራተኛ ደስታ ነበር። አመሰገንኩት። ቴምሩንም በላሁ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት የሠራሁትን ለመናገር ደስ አይለኝም። የናቅኳቸውን ሰብሳቢዎች ሌላ ስም አውጥቼ በቴሌግራም ጠየቅኳቸው። ሳንቲም ማጠብ ነፍስ ከማጥፋት እኩል እንደሆነ ካስተማሩኝ በኋላ፣ አንዱ አዝኖልኝ ከተቀቀለ እንቁላል ጋር አሽገህ አስቀምጠው፣ ይጠቁራል አለኝ። አስቀመጥኩት። እንደ ነብር ዝንጉርጉር ሆነ። እንደገና ሞከርኩ፤ አሁን ሻይ የተደፋበት መሰለ። ክፍሌ የእንቁላል ሽታ ሸተተ። ለቀለሙ ይህን ያህል ስለፋ፣ የሳንቲሙ ባለቤት ቀለም እንደማያዩ አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም። ይህን ያህል አንብቤያለሁ።

ኡስታዝ የሰሊጥ አጨዳ ሲጀመር ተመለሱ፤ የቀን ሠራተኛ በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ አብደራፊ በሚያልፍበት ሰሞን። ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ራኩባው ድረስ አመጣቻቸው። ከስተዋል። ገላባት ያለው ቤታቸው ተዘርፎ በሩ ሳይቀር ተወስዷል። የተረፈውን ሲነግሩኝ በጣታቸው ቆጠሩ፤ «ልጄ፣ ይሄ ጀለቢያ፣ አንተ ዘንድ ያለው አማና።» ሦስት ጣት።

ልነግራቸው ቁርጥ አድርጌ ነበር። ግን ምናልባት አያውቁት ይሆናል የምትል ትንሽ ተስፋ ከቁርጡ ቀደመች። መሀረቡን ፈትቼ ሳንቲሙን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ።

አውራ ጣታቸው ጠርዙን ያዘ። ዞረ። ሽርፋቱን ፈልጎ አንድ ጊዜ ዞረ፣ ሁለተኛ ዞረ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ። ንጉሡ ላይ ወጣ፣ የአክሊሉን ቋጠሮ አጣ፤ ብሩሹ ልጦታል። ሳንቲሙን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«ይሄ የእኔ አይደለም፤ ሽርፋት የለውም» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ በስህተት እጁን የከተተ ሰው ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል ነበር። «ተቀላቅሎብህ ይሆናል፤ አንተ ብዙ አሉህ። የእኔ እስኪገኝ ችግር የለም።»

ልጃቸው አየችኝ። ምን እንዳሰበች ለማወቅ መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልግም። ሌባ አለችኝ፣ አፏን ሳትከፍት።

እኔ አፌን ከፍቼ ነበር። ሙያዬ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከየት እንደምጀምረው እያሰብኩ ነበር። ከአደራው ልጀምር ወይስ ከታመሙት አባት? መካኒኩ ሊጠይቃቸው መጥቶ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል።

«የቱ ጋ ነበር ሽርፋቱ ኡስታዝ? ከማጅራቱ በስተኋላ?» አለ።

«አዎ።»

«እንግዲያው እሱ ራሱ ነው። እኔ ነኝ የሞረድኩት። ለአባቴ ላሳይ ተውሼ፣ አጥቤ ልመልስ ብዬ አበላሸሁት። የእርስዎ መሆኑን አላወቅኩም፤ ባውቅም አጥበው ነበር መሰለኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

በቃ። እኔ ወራት የተሸከምኩትን በአንድ ትንፋሽ አወረደው። ኡስታዝ ሳንቲሙን እንደገና አንስተው አሹት።

«አምኜሃለሁ» አሉት። «ጣቴን ግን ምን ልበለው?»

መካኒኩ ትንሽ አሰበ። «ሞረድ አለኝ» አለ። «ሽርፋቱን ልመልሰው።»

በውስጤ ያለው ሰብሳቢ ተነስቶ ቆመ። የጥንት ሳንቲም ላይ አዲስ ቁስል! «አይሆንም፣ ይሄ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ። ማንም አልሰማኝም። ደግነቱ።

ጋራዡ ውስጥ፣ የተፈታ የትራክተር ጎማ አጠገብ፣ ሳንቲሙን በጨርቅ ጠቅልሎ ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ ቆለፈው። ትንሿን ሞረድ መረጠ። ሁለት ጊዜ ይሞርዳል፣ ፈትቶ ለኡስታዝ ይሰጣል።

«ወደ ጆሮው ጠጋ ብሏል» ይላሉ።

«እሺ።»

«ጠለቅ። የአያቴ ጥፍር ይገባበት ነበር።»

«እሺ ኡስታዝ።»

ሥራው ረጅም ጊዜ ወሰደ። እኔ ጨርቁን ያዝኩላቸው። በመጨረሻ አውራ ጣታቸው ሽርፋቱ ላይ ገብቶ አረፈ። «ቀርቦታል» አሉ። ልክ ነው አላሉም። ንጉሡንም ሰላም አላሉትም።

በሳምንቱ ጎንደር ላይ ሞራ የሚገፍ ሐኪም ተገኘላቸው። ሚኒባሱ ሳይሞላ ልንሸኛቸው መካኒኩና እኔ አብረን ሄድን። ሆስፒታል ልብስ ያስወልቃሉ፣ ኪስ አይታመንም አሉ። መሀረቡን አወጡ። እጄን ዘረጋሁ፤ ይህንንም የማያዩ መሆናቸው በጀኝ። መሀረቡን ለመካኒኩ ሰጡት።

«እሱ ዘንድ አይሻልም ኡስታዝ?» አለ መካኒኩ ደንግጦ። «እሱ ያውቅበታል።»

«ያውቅበታል» አሉ። «በጣም ያውቅበታል። አንተ ግን ሳልጠይቅህ ነገርከኝ።»

ከዚያ የእኔን እጅ ፈልገው ያዙ፣ እንደ ሁልጊዜው በሁለት እጃቸው፣ ረጅም ጊዜ። ተቀይመውኛል ማለት አልችልም። ቂም ቢሆን መልስ አዘጋጅለት ነበር።

ሚኒባሱ ወደ ሸኽዲ አቅጣጫ አቧራውን እየጎተተ ሄደ። ወደ ራኩባው ስንመለስ መካኒኩ መሀረቡን በሁለት እጁ፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው፣ ደረቱ ላይ አድርጎ ነበር የሚሄደው። መንገዱን አጋምሰን ቆመ።

«ሲመለሱ ዓይናቸው ይበራል አይደል? ያዩታል ማለት ነው።»

«ያዩታል።»

«ታዲያ እንደዚህ ዝንጉርጉር ሆኖ ልስጣቸው? ትንሽ ልጠበው?»

«አትጠበው» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፤ ያላሳመንኩት መሆኑ ያስታውቃል።

«እሺ፣ አላጥበውም» አለ። «ቴምር ግን እጨምርበታለሁ። ባዶውንማ አይመለስም።»